ቀጥ ብሎ መቆም እንዴት ያለ ስራ ነው! ሚዛን ከእድሜ ጋር ምን ይሆናል፣ እንዴትስ ይለካል

ነገሩ የጀመረው ፊት መታጠቢያው ጋ ነው። እናቴ 71 አመቷ ነው፣ ጠዋት ሳሙናውን ፊቷ ላይ አድርጋ አይኗን ጨፍና ጎንበስ እንዳለች ወደ ጎን ሄደችና ትከሻዋ ግድግዳው ላይ አረፈ፣ ግድግዳው ባይኖር ሲሚንቶው ላይ ነበረች። እግዚአብሄር ይመስገን ምንም አልሆነችም። ግን ስንጠይቃት አላዞረኝም፣ ራሴንም አላመመኝም፣ ጉልበቴም አልከዳኝም፣ "ብቻ መሬቱ ጠፋብኝ" ነው ያለችው። እኛም ቤት ውስጥ ያለን ሁሉ ያልነው አንድ ነገር ነው፣ እርጅና ነው አልን፣ በቃ።

ከዛ ፊዚዮቴራፒስት ጋ ይዣት ስሄድ፣ ስጠይቅ፣ ማታ ማታ ሳነብ ነው "እርጅና ነው" ብሎ መተው ልክ እንዳልሆነ የገባኝ። እርጅናው የቱ ጋ ነው? እግሯ ነው? ጆሮዋ? አይኗ? ጡንቻዋ? የምትውጠው ኪኒን? እያንዳንዱ የራሱ መለያ አለው፣ እያንዳንዱ ይለካል፣ ብዙው ደግሞ ቤት ውስጥ በወንበርና በሞባይል ሰዓት ብቻ ይለካል። ይሄን ማስረዳት የፈለግኩት ብዙዎቻችን እናት አባቶቻችንን ሀኪም ቤት የምንወስዳቸው ወድቀው ከተሰበሩ በኋላ ስለሆነ ነው፣ ይሄ ደግሞ በጣም ያሳዝነኛል ምክንያቱም ምልክቱ ከዛ በፊት ወራት ምናልባትም አመታት ቀድሞ ይታይ ነበር።

መጀመሪያ መቆም እራሱ ምን እንደሆነ እንይ። ጫማችሁን አውልቁና እግራችሁን ገጥማችሁ ቁሙ፣ አይናችሁን ጨፍኑ (ትልልቅ ሰዎች ብቻችሁን እንዳትሞክሩት፣ አጠገባችሁ ሰው ይቁም)፣ ሀሳባችሁን ውስጥ እግራችሁ ላይ አድርጉት። ክብደታችሁ ከተረከዝ ወደ ጣት ከጣት ወደ ተረከዝ ሲሄድ፣ ጣቶቻችሁ መሬቱን ጫን ለቀቅ ሲያደርጉ ይሰማችኋል። ዝም ብሎ የቆመ ሰው የለም፣ ሰልፍ ላይ የቆመ ወታደርም ቢሆን። ሰውነት ትንሽ ወደ አንድ ወገን መውደቅ ይጀምራል፣ ይያዛል፣ ከዛ ወደ ሌላው ወገን ይጀምራል፣ ይያዛል፣ ቀኑን ሙሉ እንደዚ ነው። ልጆች ሆነን ረጅም እንጨት መዳፋችን ላይ አቁመን እንዳይወድቅ እጃችንን ወዲህ ወዲያ እያደረግን እንከተለው አልነበር? መቆም ማለት እሱ ነው፣ እንጨቱ ሰውነታችን መዳፉ ደግሞ እግራችን።

የሰውነታችን የክብደት ማእከል ከእምብርት ትንሽ ዝቅ ብሎ ዳሌ አካባቢ ነው፣ ከሱ ላይ ቱንቢ ብናንጠለጥል ጫፉ የሚያርፈው ከቁርጭምጭሚታችን ጥቂት ሴንቲሜትር ወደፊት ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ወደፊት ልንደፋ ነው ማለት ነው፣ ባታችን ነው ወደኋላ ጎትቶ የሚይዘን። ለረጅም ሰዓት ቆመን ስንውል ባት የሚዝለው ለዛ ነው። ትንሹን መወዛወዝ በቁርጭምጭሚት እናርመዋለን፣ ከፍ ካለ ዳሌያችንን ሰበር እናደርጋለን፣ ከሱም ካለፈ አንድ እርምጃ እንሰነዝራለን ወይ የሆነ ነገር እንይዛለን። የመጨረሻዋ እርምጃ ከዘገየች ወደቅን።

አሁን ጥያቄው ሰውነት መውደቅ መጀመሩን በምን ያውቃል ነው። ሶስት ምስክሮች አሉት። አንደኛው አይን ነው። ሁለተኛው ውስጠኛው ጆሮ ነው፣ እዛ ውስጥ በእያንዳንዱ ጆሮ ሶስት ሶስት በፈሳሽ የተሞሉ ግማሽ ክብ ቱቦዎች አሉ ራስ ሲዞር የሚናገሩ፣ ከነሱ ስር ደግሞ ጥቃቅን የካልሲየም ጠጠር የተሸከሙ ሁለት ከረጢቶች አሉ ራስ ሲያዘነብልና ሰውነት ሲንቀሳቀስ የሚናገሩ። ሶስተኛው እግር ነው፣ የውስጥ እግር ቆዳ፣ የቁርጭምጭሚት መገጣጠሚያ፣ የባት ጡንቻ ውስጥ ያሉት መሳሳብን የሚለኩ ስሜት ተቀባዮች ሁሉ አንድ ላይ። ሶስቱ ቃላቸውን ይሰጣሉ፣ አንጎል እንደ ዳኛ ያመዛዝናል። አንዳንዴ ምስክር ይሳሳታል፣ ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ አጠገባችሁ የቆመው አውቶብስ ሲነሳ እናንተ ወደኋላ የሄዳችሁ መስሏችሁ ደንግጣችሁ አታውቁም? አይን ነው የተሳሳተው፣ እግርና ጆሮ ግን "ኧረ ቆመናል" ስለሚሉ ወዲያው ትረጋጋላችሁ።

ዳኛው ሶስቱንም እኩል አይሰማም። ደህና ብርሀን ባለበት ጠንካራ መሬት ላይ የቆመ ጤነኛ ሰው በግምት 70 በመቶውን እግሩን ነው የሚያምነው፣ 20 በመቶ ጆሮውን፣ 10 በመቶ አይኑን። መሬቱ ለስላሳ ሲሆን፣ ፍራሽ ላይ፣ አሸዋ ላይ፣ ጭቃ ላይ፣ እግር አስተማማኝ ምስክር አይሆንምና አንጎል ፊቱን ወደ ጆሮና ወደ አይን ያዞራል። ሲጨልም ደግሞ አይን ይቀራል። ይሄ በፍጥነት መቀያየር መቻሉ እራሱ ችሎታ ነው፣ እድሜ ከሚነካቸው ነገሮችም አንዱ እሱ ነው፣ ማለትም ምስክሮቹ ደህና ሆነው እንኳን ዳኛው ከአንዱ ወደ ሌላው ለመዞር ሊዘገይ ይችላል።

እድሜ ምን ያደርጋል ወደሚለው ስንመጣ አንድ ቦታ ላይ ጣት መቀሰር አይቻልም፣ ከየቦታው ትንሽ ትንሽ ነው የሚወስደው። ጆሮ ውስጥ እንቅስቃሴን ወደ ሲግናል የሚቀይሩት ጸጉር መሰል ሴሎች በእድሜ ይቀንሳሉ፣ የጠፉት አይተኩም። የእግር ስሜት ይደነዝዛል፣ በተለይ ንዝረትን የመለየት አቅም፣ ለዛ ነው ሀኪሙ ሹካ የመሰለች ብረት መትቶ አውራ ጣት ላይ አስቀምጦ "ይሰማሃል?" የሚለው። ስኳር ካለ ነርቩ ስለሚጎዳ ድንዛዜው በጣም ይብሳል፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም እንደዛው ያደርጋል፣ ትልልቅ ሰዎች ላይ ደግሞ ሰውነት ቢ12ን ከምግብ በደንብ ስለማይወስድ እጥረቱ የተለመደ ነው፣ ደስ የሚለው በደም ምርመራ ይታወቃል በመድሀኒትም ይተካል። አይን ላይ ሞራውን ትተን እንኳን ደብዘዝ ያለውን ከደመቀው የመለየት አቅም ይወርዳል፣ ስለዚህ ከሲሚንቶው ጋር አንድ አይነት ቀለም ያለው ደረጃ ጠርዙ አይታይም።

ጡንቻውስ? ሁላችንም ጡንቻ በእድሜ እንደሚቀንስ እናውቃለን፣ ብዙ ሰው የማያውቀው ግን የሚቀድመው ፈጣኑ የጡንቻ አይነት መሆኑን ነው። ጡንቻ ውስጥ ቀስ ብለው ለረጅም ሰዓት የሚሰሩ ክሮች አሉ፣ በቅጽበት ሀይል የሚሰጡ ፈጣን ክሮችም አሉ፣ እርጅና ይበልጥ የሚያጠቃው ፈጣኖቹን ነው። አያታችሁ ገበያ ደርሰው መምጣት እየቻሉ ምንጣፍ ጠርዝ ሲያደናቅፋቸው ለምን እንደሚወድቁ እዚህ ጋ ይገባችኋል፣ ለመራመድ የሚበቃ ጉልበት አለ፣ ያቺን የመጨረሻ እርምጃ በቅጽበት ለመሰንዘር ግን የሚፈለገው ፍጥነት የለም። ነርቭም መልእክት የሚያደርስበት ፍጥነት ይቀንሳል፣ በመቶኛ ሰከንዶች ነው የምናወራው ግን ከመውደቅ ለመዳንና ላለመዳን እሷም ትበቃለች።

ከሁሉ በላይ የገረመኝ የአንጎል ጉዳይ ነው። ወጣት ሆነን መቆምና መራመድ ምንም ሀሳብ አይወስድብንም፣ እያወራን ስልክ እየነካካን እንሄዳለን። እድሜ ሲገፋ ግን አውቶማቲክ የነበረው ስራ ሀሳብ መጠየቅ ይጀምራል። በ1997 ስዊድን ውስጥ ተመራማሪዎች የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ያሉ 58 ሰዎችን እያራመዱ በመሀል ወሬ ይጀምሩላቸው ነበር፣ ሌላ ምንም መሳሪያ የለም። 12ቱ መልስ ለመስጠት መራመዳቸውን አቆሙ። ከነዚህ 12 ሰዎች ውስጥ 10ሩ በቀጣዮቹ 6 ወራት ወድቀዋል። ይሄን ካነበብኩ በኋላ እናቴ ደረጃ ላይ እያለች ከታች ሆኜ መጣራት አቁሜያለሁ። ረከቦቱን ይዛ ከጓዳ ስትመጣ አንድ ሰው "እማማ ያ ሰውዬ ምን አለሽ?" ብሎ ሲጠይቃት ቆም ብላ ነው የምትመልሰው፣ ድሮ ጨዋነት ይመስለኝ ነበር፣ ለካ ሁለቱን ባንዴ መያዝ ከብዷት ነው።

ደግሞ ፍርሀት አለ። አንዴ የወደቀ ሰው መውጣት ይቀንሳል፣ ስላልወጣ ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ጡንቻው ስለሟሸሸ ይበልጥ ይወድቃል። ልጆቹም "አንቺ ቁጭ በይ እኛ እናመጣለን" እያልን በፍቅር እንጨምርበታለን። እኔ ራሴ አድርጌዋለሁ።

አሁን ወደ መለካቱ። የመጀመሪያው ቴስት ታሪኩ እናቴን ያስታውሰኛል። በ1840ዎቹ በርሊን ውስጥ ሞሪትዝ ሮምበርግ የሚባል የነርቭ ሀኪም ነበረ፣ ቂጥኝ የጀርባ ህብለ ሰረሰራቸውን የጎዳባቸው ሰዎችን ያክም ነበር። እነዚህ ሰዎች አይናቸውን ገልጠው ደህና ይቆማሉ፣ አይናቸውን ሲጨፍኑ ግን ይንገዳገዳሉ ይወድቃሉ፣ ጠዋት ፊታቸውን ሊታጠቡ ጎንበስ ብለው አይናቸውን ሲጨፍኑ ጭምር። ከእግር የሚመጣው ስሜት ጠፍቷል፣ ሰውየው ሳያውቀው በአይኑ ነው ሲቆም የኖረው። ሀኪሞች እስካሁን "እግርህን ግጠም፣ አይንህን ጨፍን" የሚሉት ይሄን ለማየት ነው፣ የሮምበርግ ቴስት ይባላል። ፊዚዮቴራፒስቷ እናቴን አቁማ አይኗን ስታስጨፍናት ወዲያው ወደ ቀኝ ስታዘነብል አየሁ፣ አይኗን ስትገልጥ ቀጥ። ከዛ ብረቷን አውራ ጣቷ ላይ አደረገችላት፣ "አይሰማኝም" አለች እናቴ። ስኳር እንዳለባት እናውቃለን፣ እግሯ እንደደነዘዘ ግን አንድም ቀን ነግራን አታውቅም፣ ቀስ ብሎ ስለመጣ እሷም አላወቀችውም።

በሮምበርግ ጊዜ ሀኪሙ በአይኑ አይቶ ነው የሚፈርደው። ከዛ በኋላ በዛው ክፍለ ዘመን ሰዎች የመወዛወዙን መጠን በቁጥር ማወቅ ፈለጉና የሚጽፍ ነገር ራስ ላይ አስረው ሰውየው ቆሞ ሲወዛወዝ በጥላሸት የጠቆረ ወረቀት ላይ መስመር እንዲጭር ያደርጉ ነበር። የዛሬው መሳሪያ ፎርስ ፕሌት ይባላል፣ ሲያዩት የሻይ ጠረጴዛ ገጽ የሚያህል ወፍራም ሰሌዳ ነው፣ ብዙ ጊዜ አራቱም ማእዘኑ ስር ሴንሰር አለው። ስትቆሙበት ክብደታችሁ በየትኛው ማእዘን በኩል ምን ያህል እንደጫነ በሰከንድ 100 ጊዜ ወይ ከዛ በላይ ይመዘግባል፣ ከአራቱ ተሰልቶ የግፊቱ መሀል የት እንደሆነ ይገኛል። እሷ ነጥብ ስትንቀሳቀስ ኮምፒውተሩ ላይ የምትስለው መስመር ህጻን ልጅ በእስኪርቢቶ የሞነጫጨረው ይመስላል። የሚነበበውም ከሱ ነው፣ ጭረቱ ስንት ካሬ ሴንቲሜትር ሸፈነ፣ መስመሩ ተዘርግቶ ሲለካ ስንት ሴንቲሜትር ረዘመ፣ በሰከንድ ምን ያህል ፈጠነ። በእድሜ የሚመጣውን ለውጥ ለመለየት ከስፋቱ ይልቅ ፍጥነቱ ይበልጥ የሚታመን ነው፣ ምክንያቱም ፍጥነቱ የሚነግረን ሰውነት ሚዛኑን ለመጠበቅ ስንት ጊዜ መታረም እንዳስፈለገው ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፣ ብዙ የተወዛወዘ ሁሉ ሊወድቅ ነው ጥቂት የተወዛወዘ ሁሉ ደህና ነው ማለት አይደለም። ህጻናት ከአዋቂ በላይ ይወዛወዛሉ፣ ገና እየተማሩ ስለሆነ ነው፣ ወደ ጉርምስና ሲጠጉ ነው እንደ አዋቂ የሚረጉት። በተቃራኒው አንዳንድ የፓርኪንሰን ህመምተኞች ሰውነታቸው ስለሚገትር ፎርስ ፕሌቱ ላይ ከጤነኛ ሰው እንኳን ያነሰ ይወዛወዛሉ፣ ግን ትንሽ ገፋ ሲደረጉ እንደ ግንድ ነው የሚወድቁት። ስለዚህ አንድ ቁጥር ብቻ ይዞ ሰውን መፈረጅ ልክ አይደለም። ጥሩ መርማሪ ቆሞ ብቻ አያይም፣ ያስዘረጋል፣ ያስዞራል፣ ስፖንጅ ላይ ያቆማል፣ አይን ያስጨፍናል። ስፖንጁ የእግርን ምስክርነት ለማደናገር ነው፣ አይን መጨፈኑ የአይንን ለማስቀረት፣ ሁለቱ ባንድ ላይ ሲሆኑ ጆሮ ብቻውን ይቀራል፣ በዛ ሰአት የሚወድቅ ሰው ችግሩ ከጆሮ ሊሆን እንደሚችል ይጠረጠራል። ቀላል ዘዴ ነው ግን ብልሀቱ ያስደንቃል።

በእድሜ ምን ያህል እንደሚለወጥ በቁጥር ለሚፈልግ፣ በ2024 አሜሪካ ማዮ ክሊኒክ ያወጣው ጥናት አለ። እድሜያቸው ከ50 በላይ የሆኑ 40 ጤነኛ ሰዎችን ነው የለኩት፣ ግማሾቹ ከ65 በታች ግማሾቹ ከዛ በላይ። አካሄዳቸውን፣ የእጅ የመጨበጥ ሀይላቸውን፣ የጉልበት ጥንካሬያቸውን፣ ሚዛናቸውን። ከሁሉም በፍጥነት የሚወርደው በአንድ እግር መቆም ሆኖ ተገኘ፣ ባልለመዱት እግር ሲቆሙ በየ10 አመቱ 2.2 ሰከንድ፣ በለመዱት እግር 1.7 ሰከንድ ይቀንሳል። በሁለት እግር ቆመው ደግሞ መወዛወዛቸው በየ10 አመቱ አይን ተገልጦ 6.3 በመቶ፣ አይን ተጨፍኖ 10.4 በመቶ ይጨምራል። አካሄዳቸው ላይ ግን ከእድሜ ጋር ያን ያህል ለውጥ አልታየም። እስኪ አስቡት፣ ደህና እየሄደ ያለ ሰው ነው፣ ጓሮውን ዞሮ የሚመጣ፣ ውስጡ ያለው ሚዛን ግን እየቀነሰ ነው። አካሄድ አይተን "አባታችን ደህና ነው" የምንለው አያስተማምንም ማለት ነው። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ 40 ሰው ነው፣ ቁጥሮቹን እንደ ህግ አትያዙ፣ አቅጣጫውን ግን ሌሎችም ጥናቶች ይደግፉታል።

ሌላው ብዙ የተወራለት የብራዚሉ ነው፣ በ2022 የወጣ። እድሜያቸው ከ51 እስከ 75 የሆኑ 1702 ሰዎችን በአንድ እግር 10 ሰከንድ እንዲቆሙ ጠየቋቸው። ከአምስቱ አንዱ ያህል አልቻለም፣ ከ71 እስከ 75 ካሉት ደግሞ ከግማሽ በላይ። ከዛ ወደ 7 አመት ገደማ ተከታተሏቸው፣ ያልቻሉት በዛ ጊዜ ውስጥ የመሞት እድላቸው እድሜና ሌላ ሌላ በሽታቸው ተቆጥሮም በ84 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። ይሄን ዜና ያየ ሰው በአንድ እግሬ መቆም ካልቻልኩ ልሞት ነው ብሎ መደንገጥ የለበትም። በአንድ እግር አለመቆም አይገድልም፣ ስኳሩ፣ የተዳከመው ጡንቻ፣ የተጎዳው ነርቭ፣ ተቀምጦ መዋሉ ሁሉ ተጠራቅሞ እዛ 10 ሰከንድ ላይ ይታያል፣ ሰውነት ውስጥ ያለውን ባንዴ የሚያሳይ መስኮት በሉት።

ቤት ውስጥ እንዴት ይደረጋል? አራት ደረጃ ያለው ቴስት አለ፣ አሜሪካኖቹ ለአረጋውያን የሚጠቀሙበት፣ እኔም ለእናቴ የማደርግላት እሱን ነው። ግድግዳ ጥግ ወይ የማይንቀሳቀስ ጠረጴዛ አጠገብ ይቁሙ፣ እናንተ ሳትይዟቸው ግን ለመያዝ በሚያደርሳችሁ ርቀት ሁኑ፣ አይን እንደተገለጠ። መጀመሪያ ሁለት እግር ጎን ለጎን ገጥሞ 10 ሰከንድ። ቀጥሎ አንዱን እግር ግማሽ ወደፊት አድርጎ፣ የአንዱ አውራ ጣት ስር የሌላውን ጎድጓዳ እየነካ፣ 10 ሰከንድ። ሶስተኛ አንዱን ሙሉ በሙሉ ከፊት፣ ተረከዙ የኋለኛውን ጣት እየነካ በገመድ ላይ እንደሚሄድ ሰው፣ 10 ሰከንድ። መጨረሻ በአንድ እግር። ወሳኙ ሶስተኛው ነው፣ እሱን 10 ሰከንድ መቆም ያልቻለ ትልቅ ሰው የመውደቅ አደጋው ከፍ ያለ ነው ተብሎ ይያዛል። እናቴ የመጀመሪያ ቀን 4 ሰከንድ ነው የቆመችው።

የወንበሩ ቴስት ደግሞ አለ፣ እጅን ደረት ላይ አመሳቅሎ በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ብድግ ቁጭ ማለት ይቻላል። ከ70 እስከ 74 ላሉ ሴቶች ከ10 በታች ለወንዶች ከ12 በታች ከሆነ እግር ደክሟል ማለት ነው። ሶስተኛው ከወንበር ተነስቶ 3 ሜትር ሄዶ ዞሮ ተመልሶ መቀመጥ ነው፣ በልማዳዊ አረማመድ፣ 12 ሰከንድ ወይ ከዛ በላይ ከፈጀ ሀኪም ይየው። ከዛ ጠለቅ ያለውን ባለሙያ ይሰራዋል፣ ካትሪን በርግ የምትባል ካናዳዊት በ1989 ያዘጋጀችው 14 ስራዎች ያሉት ከ56 ነጥብ የሚሰጥ መለኪያ አለ፣ ብዙ ፊዚዮቴራፒስቶች ያውቁታል።

ሚዛን ሲባል ግን ሁሉም ነገር ከእግር አይመጣም፣ ሁለት ነገር ሳትረሱ ጠይቁ። አንዱ የደም ግፊት ነው፣ ተኝቶ ተለክቶ ከተነሳ በኋላ እስከ 3 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይ የታችኛው በ10 ከወረደ፣ ጠዋት ከአልጋ ሲነሱ አይን የሚጨልመው ከሱ ነው። ሁለተኛው መድሀኒት ነው፣ የእንቅልፍ ኪኒን፣ የጭንቀት መድሀኒት፣ አንዳንድ የግፊት መድሀኒት፣ በተለይ አራትና ከዛ በላይ መድሀኒት ባንዴ የሚወስዱ ከሆነ። ኪኒኖቹን በሙሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱና ለሀኪሙ ዘርግፉለት፣ በራሳችሁ ግን እንዳታስቆሙ። አልጋ ላይ ሲገላበጡ ወይ ቀና ሲሉ ቤቱ ከአንድ ደቂቃ ላነሰ ጊዜ ክው ብሎ የሚዞር ከሆነ ደግሞ ከጆሮ ውስጥ ጠጠር ቦታ መልቀቅ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ባለሙያ ራስን በተለያየ አቅጣጫ አዙሮ ብዙ ጊዜ ያለ መድሀኒት የሚያስተካክለው ነው።

የምርኩዝ ጉዳይ እኛ ቤት ጭቅጭቅ ነበር። "እማ ከዘራ ያዢ" ስላት "አሁንስ አረጀሽ እያልከኝ ነው" ብላ ተቀየመችኝ። ልቧን የመለሰላት አንድ ሙከራ ነው። በ1994 አሜሪካ ብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሰዎችን አይናቸውን አስጨፍነው አቁመው በጣት ጫፍ ብቻ ጎናቸው ያለውን ብረት እንዲነኩ አደረጓቸው፣ የሚፈቀድላቸው ግፊት ከ1 ኒውተን በታች ነው፣ የአንዲት ሎሚ ክብደት ብትሉት ነው፣ ይሄ ሰውን ደግፎ የሚይዝ ሀይል አይደለም። ግን መወዛወዛቸው በእጅጉ ቀነሰ። ጣት አልደገፈችም፣ አራተኛ ምስክር ሆና ነው የገባችው፣ ሰውነት ወዴት እያዘነበለ እንደሆነ ለአንጎል ትነግረዋለች። "እማ" አልኳት፣ "ቅዳሴ ላይ መቋሚያ የሚይዙት ያረጁት ብቻ ናቸው እንዴ? ማህሌት የቆመው ወጣቱ መዘምርስ?" ሌሊቱን ሙሉ የሚቆም ሰው መቋሚያ የሚይዘው ለድካሙ ነው ብለን ነው የምናስበው፣ መሬት የነካች ዘንግ ለሚዛን ምን እንደምታደርግ አባቶቻችን በሰውነታቸው ያውቁታል። ዝም አለች። በሳምንቱ የአባቴን ከዘራ ከቁም ሳጥን ጀርባ አውጥታ ስትጠርገው አገኘኋት።

ስልጠናው ይሰራል ወይ ለሚል፣ ይሰራል። በ2019 የወጣ 108 ጥናቶችን ከ23 ሺህ ሰው በላይ አንድ ላይ የገመገመ ስራ አለ፣ ቤታቸው የሚኖሩ ትልልቅ ሰዎች የአካል እንቅስቃሴ ሲሰሩ የመውደቅ ቁጥር በ23 በመቶ ቀንሷል፣ የሚዛን ልምምድና የጡንቻ ማጠንከሪያ ባንድ ላይ ሲሆን ወደ 34 በመቶ። በእግር መሄድ ብቻውን ግን ለዚህ አይበቃም፣ ሚዛንን የሚፈትን ነገር መኖር አለበት። በአለም ላይ በየአመቱ 684 ሺህ ሰው በመውደቅ ይሞታል፣ ከ80 በመቶ በላዩ እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው፣ ስለዚህ ይሄን የሀብታም አገር ወሬ አድርጋችሁ አትዩት። እናቴ የምትሰራው ቀላል ነው፣ የወጥ ቤቱን ጠርዝ ይዛ ቡናው እስኪፈላ በጣቶቿ ከፍ ዝቅ፣ አንዱን እግር ከፊት አድርጋ መቆም፣ ከወንበር ብድግ ቁጭ 10 ጊዜ፣ ሲለምድ መጀመሪያ ሁለት እጅ የነበረው አንድ እጅ፣ ከዛ ሁለት ጣት። ሳይከብድ አያድግም ግን መያዣው ሁሌ ቅርብ ነው።

ከሶስት ወር በኋላ ሶስተኛዋን አቋቋም 11 ሰከንድ ቆማለች። እግሯ አሁንም ደንዝዟል፣ እሱ ነርቭ ነው፣ ስኳሯን እየተቆጣጠርን እንዳይብስ ነው የምናደርገው፣ የተሻሻለው ጡንቻዋና አንጎሏ ባለው ምስክር መጠቀሙ ነው። ከአልጋዋ እስከ ሽንት ቤት ማታ የሚበራ ትንሽ መብራት ሰክተናል፣ ተንሸራታቿን ነጠላ ጫማ ቀይረናል። ፊቷን ስትታጠብ ደግሞ ባንድ እጇ ነው ውሀውን የምትረጨው፣ የሌላ እጇ ጣት አይኗን ገልጣ ፎጣ እስክታነሳ ድረስ ከመታጠቢያው ጠርዝ አይለቅም።